ጥቁሩን ይዤ በካርቱም

ከኮልፌ የወጣሁት በቀትር ነው። ሰው ሁሉ የስደቱን ታሪክ ከሌሊት ይጀምራል፤ እኔ ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሜ፣ ከእንጨት ለቃሚዎች ጋር ተደባልቄ፣ በአስኮ በኩል የጣሊያንን ኬላ አለፍኩ። ፈታሹ ቀና ብሎም አላየኝ።

ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ያን ቀን ጠዋት ለምኖኝ ነበር። «ጋሼ፣ አብረን እንውጣ። በሰንጠረዥ እንኳ ተራ አንጠባበቅም፤ ዛሬ ምን መጣ?»

«ሁለት ጎልማሳ አብሮ ከታየ ያስጠረጥራል። እኔ ልቅደም፤ መልእክቴ ሲደርስህ ተከተለኝ» አልኩት። ታላቅ ነኛ! እሺ አለኝ።

ሰንጠረዥ ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ጨዋታው ሲጀመር ነጩም ጥቁሩም ተራ ሳይጠብቅ፣ እጅ በእጅ እየተሻማ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ተራ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ ጥቁር ነበርኩ። ፈረሶቼን አወጣለሁ፣ ወታደሮቼን አንድ አንድ እርምጃ ከፍ አደርጋለሁ፣ ንጉሡን ጥግ አስገባለሁ። መሃሉን ለተስፋዬ እተውለታለሁ፤ ሲዝናና እመታዋለሁ።

በጋምቤላ አድርጌ፣ ወንዙን ተከትዬ ካርቱም ገባሁ። የኮልፌ ብርድ እንደ ዘመድ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንጀራ የሚመስል ኪስራ የሚሉት አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም። ስበላው ያስለቅሰኛል ብል ማን ያምነኛል?

የምፈልገው አንድ ወረቀት ነበር፦ እኔ እንድቀመጥ፣ ተስፋዬም ድንበር ሲደርስ እንዳይመልሱት። ይህን የሚፈርመው እንግሊዛዊ ሹም ቼዝ ከጠረጴዛው አይለየውም። አስተርጓሚው አቶ ኃይሉ፣ «ተጫወትለት፤ ልቡ ይራራል» አለኝ።

ሹሙ ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፋ። እጁን ሳያነሳ እኔ ፈረስ፣ ወታደር፣ ፈረስ፣ ወታደር አከታትዬ አስኬድኩ።

«ይህ ሰውዬ ታሟል?» አለ።

«በአገራችን እስኪገናኙ ድረስ ተራ የለም በላቸው» አልኩ።

አቶ ኃይሉ የሹሙን መልስ ሰምቶ ላቡን ጠረገ። «አገራችሁ ለምን እንደተወሰደች አሁን ገባኝ ይልሃል። በሳምንቱ ተመለስ፤ ወረፋም ያዝ።»

ሳምንቱን ሙሉ አቶ ኃይሉ የእነሱን ደንብ አስጠናኝ። ስመለስ ሹሙ ያንኑ ወታደር ገፋ። ፈረሴን አወጣሁና እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። የኮልፌውን አሰላለፍ አንድ በአንድ ሠራሁት። እሱ መሃሉን ሞልቶ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ወታደሬን ሁለት እርምጃ ገፍቼ መሃሉን መታሁበት። ፈገግታው ጠፋ። ሲሸነፍ ግን እጄን ጨበጠኝና ፈረመ።

በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አንድ ቡና ነጋዴ እጅ ለተስፋዬ «ተከተለኝ» የሚል መልእክት ላክሁ። ነጋዴው ከወራት በኋላ ተመለሰ።

«የአስኮው ኬላ የተዘጋው እኔ ከመድረሴ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነው» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ እንደኔ የንግድ ፈቃድ ከያዘ በቀር ያለፈ የለም። ወንድምህ ሻንጣውን አስሮ እየጠበቀ ነው።»

አራት ቀን! እኔ ለተራ ብዬ ሰባት ቀን አቃጥያለሁ። አብረን ወጥተን ቢሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ታላቅነቴን ረገምኩት።

እሑድ እሑድ ሰንጠረዡን በእኛ ደንብ እዘረጋለሁ። ጥቁሩን በአንድ ትንፋሽ አሰልፌ ስጨርስ ነጩ እንደቆመ ነው።

ተስፋዬ፣ ይህ ከደረሰህ የኔን ቃል አትጠብቅ። በጫካም በገደልም ብለህ ና።