ሙሾ ያልወረደለት ፊልም

ምንይሉ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ቤት አለው። ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ሰርግ ይቀርጻል፤ ለሙት ዓመት የሟች ፎቶ አሳድጎ መስተዋት ውስጥ ያስገባል። መስኮቱ ላይ አንድ አሮጌ ካሜራ ተቀምጧል። መሥራት ካቆመ ስድስት ዓመት ቢያልፈውም አልጣለውም። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉት «ጡረታ ወጥቶ» ይላል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አላገባም። «የሰው ሙሽራ ሲያሳምር የራሱ አመለጠችው» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ይህ ሰው ነው ባለፈው መስከረም «ፊልም ልሠራ ነው» ብሎ የተነሣው።

ጎረቤቱ ስለሆንሁ መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው። ሲነግረኝ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሣም።

«ዐሥራ አምስት ዓመት የሰው ደስታ ቀረጽሁ። ቀርጬ፣ ቆራርጬ፣ ዘፈን ለጥፌ እሰጣለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኔ የሆነ አንድ ነገር ሳልሠራ ልሙት ትያለሽ?»

ታሪኩ ቀላል ነበር። አንድ ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ይወርዳል፤ ሬሳው ይመጣል፤ ፊልሙ በእናቱ ሙሾ ያልቃል። «መጨረሻዋ ከተያዘችልኝ ሌላው ይያዛል» ይል ነበር። ግጥም መማሬን ስለሚያውቅ ሙሾውን እኔ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ሌላው ሥራዬ ደብተር መያዝ ነበር። የአንድ ቀን ታሪክ በሦስት ሳምንት ተቆራርጦ ስለሚቀረጽ፣ ማን ምን ለብሶ እንደነበረ፣ የነጠላው ጥለት በየት በኩል እንደወደቀ እጽፋለሁ። ብዙ ማውራት ለማይሆንለት ሰው ጥሩ ሥራ ነው።

እናቲቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። እማማ ወለተ ሐና ገበያ ላይ ጌሾ ይሸጣሉ፤ ቢቸና የሚያውቃቸው ግን በለቅሶ ነው። ድንኳን ውስጥ ገብተው አንድ ስንኝ ካወረዱ፣ ሟቹን የማያውቀው ሰው ሳይቀር ያነባል። ምንይሉ ሊጠይቃቸው ሲሄድ አብሬው ነበርሁ። ስለ ሙሾው አንዳች አላነሣም። በሰርግ እንደለመደው፣ ሰዓቱ ሲደርስ እንባው በራሱ ይመጣል ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

«የእናት ቦታ ነው» አላቸው። «ልጅዎን ያጎርሳሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይሸኛሉ።»

«እኔን አሮጊቷን ምን ልታደርገኝ? ቆንጆ አጣህ?»

«ቆንጆማ ሞልቷል እማማ። ያጣሁት እናት ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና «ይህ ፊልምህ የት የት ይታያል?» አሉ።

«በስልክ ነው የሚለቀቀው። ስልክ ባለበት ሁሉ ይታያል።»

«መተማም?»

«መተማም፣ ሁመራም።»

እሺ ያሉት ያን ጊዜ ነው። አንድ ልጃቸው ወልደ ኪዳን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እማማ ጠዋት ጠዋት ያገኙትን ሰው አስቁመው ያስደውላሉ። የምትመልሰው ግን ያቺ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትል ድምፅ ናት። «የስልኳ ሴትዮ ዛሬም ከለከለችኝ» ብለው ወደ ጌሿቸው ይሄዳሉ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ምንይሉም ያውቃል። ምናልባት እሳቸውን የመረጠው ስለሚያውቅ ይሆናል፤ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ልጁን የሚጫወተው አብዱልሐኪም የሞጣ ልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ። አባቱ ጋሽ አብዱልዋሂድ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ምንይሉ አንድ የሞጣ ሰርግ ላይ ታዳሚውን ሲያስቅ አይቶት ነው የመረጠው። ገበያ በሌለበት ቀን አባቱን አስፈቅዶ፣ በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፎ ይመጣል።

መጀመሪያ የቀረጽነው የጉርሻውን ነው።

«እማማ፣ ወጡ ሥጋ የለበትም አይደል?» አለ አብዱልሐኪም።

«ሽሮ ነው። ረቡዕ እኮ ነው፤ እኔስ ልገድፍ ኖሯል?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ተስማማን።»

«ጉድ እኮ ነው፤ በስተርጅና እስላም ልጅ ወለድሁ! ነፍስ አባቴ ምን ይሉኝ?»

«የኔዋ እናት ብትሰማማ 'እዚያው ይዳሩህ' ነው የምትለኝ።»

ካሜራው ሲጀምር ግን ቀልዱን ተዉት። እማማ ጠቅልለው አጎረሱት። «ብላ ወልዱ» አሉት። በጽሑፉ ላይ የልጁ ስም ሌላ ነበር። ምንይሉ ቀና ብሎ አየኝ፤ አላረማቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ስም ወልዱ ሆነ። እኔም ደብተሬ ላይ የቀድሞውን ሰርዤ ጻፍሁት።

ጥሩ ቀኖች ነበሩን። አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ በጤፍ ማሳ ዳር የድንበር ጠብ እንቀርጽ ነበር፤ የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ደምለው የልጁ አጎት ሆኖ። እሱና አብዱልሐኪም ዱላ ይዘው ሲፋጠጡ፣ ገበያ የሚሄዱ ሦስት ሽማግሌዎች «በሕግ አምላክ!» ብለው መሐል ገቡ።

«አባቶቼ፣ ፊልም ነው!» አለ ምንይሉ።

«አንተ ደግሞ ሰው ሊጋደል ቆመህ ትቀርጻለህ? ከይሲ!» አሉና አንዱ ሽማግሌ ካሜራውን ሊነጥቁት ደረሱ።

ካልታረቁ አንሄድም አሉ። አብዱልሐኪምና ደምለው ሳቃቸውን ውጠው ተሳሳሙ፤ ሽማግሌዎቹም መርቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ምንይሉ ሁሉንም ቀርጾታል። «እኔ ከጻፍሁት ይሻላል» ብሎ ፊልሙ ውስጥ አስቀረው። ያን ቀን ያፏጭ ነበር።

ኅዳር ገባ፤ ጤፉ ታጨደ፤ የሙሾው ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀመጠ። አብዱልሐኪም ቃሬዛው ላይ ተጋደመ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ የጻፍሁትን እኔ አነበብሁላቸው።

ስንቁን ቋጥሬለት ቆላ የላክሁት ልጅ፣
በሰው ትከሻ ላይ መጣልኝ እስከ ደጅ።

ወረቀቱን አዩት። «ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ጥሩ ነው። ያስለቅሳል።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እኔ ግን አልለውም።»

ምንይሉ ጠጋ አለ። «ጨዋታ እኮ ነው እማማ። ልጁም ይኸው፣ በሕይወቱ አለ።»

አብዱልሐኪም ከቃሬዛው ቀና ብሎ «እኔ በቀላሉ አልሞትም፤ ግድ የለም ያልቅሱልኝ» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ለዚህ ልጅ ብዬ አይደለም፤ ይህስ ፈጣሪ አለው» አሉ እማማ። «አንተ ምንይሉ፣ መተማም ይታያል አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ልጄ ያየዋል። ቆላ ወርዶ የሞተ ልጅ፣ ስሙ ወልዱ፣ እናቱ ወለተ ሐና ሙሾ ስታወርድለት ያያል። 'እናቴ አልቅሳ ጨርሳኛለች፤ ከእንግዲህ ለማን ብዬ እገባለሁ' ቢልስ? የተለቀሰለት ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

ምንይሉ ካሜራውን አጠፋ። የተሰበሰበው ጎረቤት አንድ በአንድ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ወረቀቱን አጠፍሁት፤ ደግሜ አጠፍሁት፤ ከዚያ በላይ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ።

ድንኳኑን ስንነቅል፣ ምንይሉን «ልጁ ቢመለስስ?» አልሁት። «ሬሳው ሳይሆን ራሱ። ከመኪና ይውረድ፣ እናቱ ትየው፣ በቃ።»

ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመና «መጨረሻዬን ገደልሽው» አለ። ከዚያ «ሲሄድ የለበሰውን ጃኬት አዘጋጂ» አለኝ።

እማማ ሲነገራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። «መቼ ነው የሚመጣው?»

«ማክሰኞ።»

ሰኞ ዕለት መንገድ ተዘጋ። የሞጣ መኪና ቆመ፤ ቀጥሎ ስልኩም ጠፋ። ሰው ለምን ተዘጋ ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚለው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ አምስት ሳምንት ሆነ። እማማ በየቀኑ ፎቶ ቤቱ ብቅ ብለው «ልጁ ዛሬ ይመጣ ይሆን?» ይላሉ። የትኛውን ልጅ ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል መንገዱ ተከፈተ። እኔና ምንይሉ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሞጣ ሄድን። እሱ ካሜራውን፣ እኔ የልጁን ጃኬት በፌስታል ይዤ። ጋሽ አብዱልዋሂድን ለደንበኛ ጨርቅ ሲለኩ አገኘናቸው። መቀሱን አስቀመጡ፤ ሻይ አዘዙልን።

«አብዱልሐኪምን ከሁለት ሳምንት በፊት በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ ላክሁት። አጎቱ ዘንድ ነው» አሉ። «እዚህ መንገዱ እንዲህ እየሆነ፣ ልጅ በወጣ ቁጥር እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ለአንድ ቀን ብቻ ጋሼ» አለ ምንይሉ። «አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከመኪና መውረድ ብቻ ነው።»

«አንተ ብትሆን ትመልሰዋለህ?»

ምንይሉ ሻዩን አየ። ጋሽ አብዱልዋሂድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «'እማማ ይጠብቁኛል' እያለ ነው የሄደው» አሉ።

ስንመለስ ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ቆመ። እኔ «ጃኬቱን ደምለው ለብሶት ከጀርባው ብንቀርጸውስ?» አልሁ።

«እናት የምታየው ፊት ነው፤ ጀርባ አይደለም» አለኝ።

ቢቸና መናኸሪያ ስንገባ እማማ ወለተ ሐና በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መስከረም ላይ ልጁን የሸኙበትን ቀሚስ ለብሰዋል፤ የነጠላቸው ጥለት በስተቀኝ ነው፤ ልክ ደብተሬ ላይ እንዳለው። ማንም አልነገራቸውም። ተሳፋሪው ሲወርድ ተነሡ። እኔ ወረድሁ፤ ምንይሉ ወረደ። እሳቸው ከኋላችን ያለውን ነበር የሚያዩት። ረዳቱ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አዩ።

«ልጁስ?»

ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅሁ። ምንይሉ «ነገ» አለ። ለምን እንዳለ እሱም አያውቅም።

«እሺ፣ ነገ» አሉና ተቀመጡ።

በማግስቱ ምንይሉ ካሜራውን ይዞ ሄደ። ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። እማማ እዚያው ድንጋይ ላይ ነበሩ። መኪና ሲገባ ይነሣሉ፤ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ፤ ይቀመጣሉ። ሦስት ቀን ቀረጻቸው። ፎቶ ቤት ገብተን ደጋግመን አየነው። ከሙሾው የሚበልጥ መጨረሻ አግኝቶ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም።

ሄዶ ነገራቸው። «እማማ፣ ፊልሙ አልቋል። እርስዎ ሲጠብቁት ነው የሚያልቀው። ልጅዎ ካየው እንደሚጠብቁት ያውቃል።»

«ልቀቀው እንግዲያ፤ ይየው። ካሜራውን ግን ከዚህ አታንሣ።»

«ምን ያደርግልዎታል? ጨርሰናል እኮ።»

«እኔ እዚህ ስቀመጥ ድሮ ሰው ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? 'አበደች' ነበር የሚል። አንተ ካሜራህን ከተከልህ ወዲህ 'ሥራ ላይ ናት' ይላል። ሹፌሩም፣ ረዳቱም ከቆላ የመጣ ሰው ሲኖር ይጠሩልኛል። ተው ልጄ፤ ገና ልጁ ሳይመጣ አልቋል አትበል።»

ፊልሙ በጥምቀት ማግስት ተለቀቀ። ሦስት መቶ ያህል ሰው አይቶታል። አብዱልሐኪም ከአዲስ አበባ «እማማ፣ ሽሮው ናፈቀኝ» ብሎ ጻፈ። ከፊልሙ ሥር የተጻፈውን በየቀኑ ሳነብላቸው «መተማ ነኝ የሚል አለ?» ይሉኛል።

«ዛሬ የለም፣ እማማ።»

ጥር የሰርግ ወር ነው። ደምለው ካሜራውን ይዞ አንድ ቀን የጁቤ፣ አንድ ቀን ሌላ ቦታ ይውላል። ትናንት ጠዋት ምንይሉ ከመስኮቱ ላይ ያንን ጡረታ የወጣውን ካሜራ አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ መናኸሪያ ወስዶ በሦስት እግር መቆሚያው ላይ ሰቀለው፤ ዓይኑን አስጠጋ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ደብተሬን ገለጥሁ። ቀሚሱ ያው ነው፤ ጥለቱ በስተቀኝ።

የመጀመሪያው መኪና ገባ። እማማ ተነሡ።

«ምንይሉ፣ በሩ እየተከፈተ ነው፤ ወደዚያ አዙረው እንጂ!»

አዞረው።