ጣቶቼ ገና ከሥራ አልወጡም

አጎቴ ካረፉ ወዲህ አመሻሽ ላይ በራችን ላይ ቁልፍ ሲንኮሻኮሽ አልሰማም። ጋሼ በቄራ፣ ሥጋ በሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሥጋ ቆራጭ ነበሩ። ላንቻ ወዳለው ቤታችን ሲመለሱ ጣቶቻቸው ደንዝዘው ቁልፉን ማዞር ያቅታቸዋል። እኔ ቤት መኖሬን እያወቁ አያንኳኩም፤ እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ይቆማሉ።

«ጋሼ፣ ለምን አይጠሩኝም?» እላቸዋለሁ ተናድጄ።

«ቆይ፣ ጣቶቼ ገና ከሥራ አልወጡም።»

ጓንት ብገዛላቸው «በዚህ ቢላው ያመልጠኛል» ብለው መለሱልኝ። አንድ ቀን እጅጌያቸው በደም ርሶ መጡ። አውራ ጣታቸው ተቆርጦ ኖሮ፣ ያወቁት ታክሲ ውስጥ ደሙን ሲያዩ ነው።

«አይዞሽ፣ ምንም አላመመኝም።»

«ያላመመዎት እኮ ነው ችግሩ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሳቁ። በማግስቱ ጣታቸውን በፋሻ ጠቅልለው ሥራ ገቡ።

ለቅሶው ላይ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ብርድ የሚባል አይነካቸውም» እያሉ ያወሩ ነበር።

«ይበርዳቸው ነበር እኮ!» አልኳቸው። «አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃቸውም እንጂ፣ በጣም ይበርዳቸው ነበር።»

ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉት ቀና ብለው አዩኝ።

«እኛንም ይበርደናል፣ ልጄ» አሉኝ።