የፊት መከለያው የተመከረበት ቅዳሜ

ልጆቹ ያንን የቤዝቦል ስብሰባ ንገሪን ብለው ያዙኝ። እሺ፤ ብቻ እኔ ወሬ ስጀምር መንገዴ ረዥም ነው፣ ታገሡኝ።

የልጄ ልጅ ያኔ ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ ባለው ሜዳ ለሰፈር ቡድን ትጫወት ነበር፣ ወንዶቹ መሀል። ኳሱን የምትወረውረው እሷ ናት። ጨዋታው እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። የገባኝ እሷ ስትወረውር ፊት ለፊቷ ዱላ የያዘው ልጅ ባለ በሌለ ኃይሉ እንደሚመታው፣ ኳሱም እንደ ድንጋይ ተመልሶ ወደ እሷ ሊመጣ እንደሚችል ነው። የሚመታው ሄልሜት አለው፤ የእኔዋ ኮፍያ ብቻ። ዱላው ጧ ባለ ቁጥር ዓይኔን ጨፍኜ ጩኸት እጠብቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ ወላጆች እዚያው አግዳሚው ላይ ቀሩ። የፊት መከለያ ያላደረገ ወርዋሪ አይጫወትም የሚል አዲስ ሕግ ቀርቦ ነበር። ልጄ፣ የልጅቷ አባት፣ አጠገቤ ሆኖ ይተረጉምልኛል። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ "በዚህ ሙቀት ልጆቹን ልናፍናቸው ነው?" አለ። አንዷ ደግሞ፣ "እኛ ያለሱ አላደግንም?" ሰው ሳቀ። ሳቁ ራሱ አስፈራኝ፤ ሕጉ ሊቀር ነው አልኩ።

"አንተስ ምን ልትል ነው?" አልኩት ልጄን።

"እሷ አልፈልግም ብላለች፣ እማዬ። ሶ፣ ዝም እላለሁ።"

እንግዲህ ምን ላድርግ። እንደ ቸርች ልማዴ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ "ጌታ ሆይ፣ ፊቷን ጠብቅልኝ" እያልኩ መጸለይ ጀመርኩ። ለካ አሠልጣኙ የምትቃወሙ እጅ አውጡ ብሎ ኖሯል። ወፍራሙ ሰውዬ ደስ ብሎት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

"እማዬ፣ አውርጂው፤ ከተቃዋሚ ጋር እየቆጠሩሽ ነው።"

"ጸሎት ላይ ነኝ እኮ። ፈርቻለሁ በላቸው። የልጅቷ ፊት ነው በላቸው።"

ልጄ አንዴ አየኝና ተነሥቶ እንዳልኩት ነገራቸው። ማንም አልሳቀም። እንደገና ሲቆጠር የልጄ እጅ ከደጋፊዎቹ ጋር ወጣ፤ ሕጉም አለፈ።

ወደምንኖርበት ወደ ቪከሪ ሜዶ ስንመለስ ልጅቷ መኪናው ውስጥ አኮረፈች። "እማማ፣ ሰው ፊት ኢምባራስ አደረግሽኝ፣ አሳፈርሽኝ።"

"ፊትሽ ይኑርልኝ እንጂ፣ አኩርፊ" አልኳት።

ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው የነገረችኝ። ከስብሰባው በፊት ልምምድ ላይ አንድ ኳስ ጆሮዋን ታክኮ አልፎ ነበር። ለአባቷ ፈራሁ ማለት አፍራ፣ ስሟን እንዳያነሣ አሠልጣኙን ለምና፣ ያንን ሕግ እንዲያቀርብ ያደረገችው ለካ እሷው ራሷ ኖራለች።