ሐይቅ የምታናግረው ልዕልት

ያንን የልዕልት ፊልም የማይነቅፍ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ የልጆች ልደት ላይ አንዲት ስዊድናዊት እናት የኬክ ሳህኗን እንደያዘች የልዕልቲቱ ወገብ ከአንገቷ እንደሚቀጥን አስረዳችኝ። ሴቶች ልጆች ይህን እያዩ ምግብ ይጠላሉ አለች፣ የራሷ ልጅ ሦስተኛ ቁራጭ ኬክ እየበላች። ባለቤቴን ደግሞ ዘፈኑ አንገፍግፎታል፤ መኪና ውስጥ ሲከፈት ፊቱ ይጠቁራል።

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ወገቡንም ዘፈኑንም ትተው ሐይቁን ያዙ። ልዕልቲቱ በከፋት ቁጥር ከቤተ መንግሥት ወጥታ ሐይቅ ዳር ትቀመጣለች፤ ታናግረዋለች፤ ሐይቁም ይመልስላታል። «ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚመልሰው ምንድን ነው? እኛ እኮ ከየት እንደወጣን እናውቃለን» የሚል የድምፅ መልእክት በእናቶች ግሩፕ ተላከ። ከሥሩ የአሜን መዓት ወረደበት። ከአሜን ባዮቹ ግማሾቹ ፊልሙን ዓይተውት አያውቁም፤ እኔን የሚያበግነኝ እሱ ነው። እኔም ብሆን ልብስ እያጣጠፍኩ፣ እየገባሁ እየወጣሁ ነው ያየሁት፤ ግን አሜን አላልኩም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከአዲስ አበባ መጥተው ስዊድን፣ ሱንድቢበሪ ከእኛ ጋር መኖር ሲጀምሩ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። አማቴ ደግሞ ከስዊድንኛ «ታክ» ብሎ ከማመስገን ሌላ አያውቁም። ሁለቱ አንድ ደረጃ ላይ እንደሚገናኙ ጎረቤታሞች ፈገግ ተባብለው ይተላለፉ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ «የልጄን ልጅ ላቅፍ ብዬ መጣሁ፤ እሷ እቴ፣ የሰው ልጅ ሆና ጠበቀችኝ» አሉኝ። በሽንኩርቱ አሳበው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ አማቴ ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጡና ቴሌቪዥኑን እያዩ «አሁን ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ልጄ ፊልሙን አቆመችው። ብዙ አሰበች። «ውሃ፣ እኔ ከፋኝ አለች» አለች፣ በአማርኛ። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ እንዳያመልጠኝ ቧንቧውን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የእነሱ ሆነ። አንዷ ትተረጉማለች፣ ሌላዋ ትከራከራለች። «አባቷ ንጉሥ ሆኖ እንዴት ብቻዋን ትወጣለች? ጠባቂ የለም እንዴ? ደግሞ በዚህ ብርድ ጋቢ እንኳ ሳትደርብ!» ይላሉ አማቴ። ልጄ እየሳቀች ታስረዳለች፤ ቃል ሲጠፋት በእጇ ታሳያለች፤ አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር የምትመስል ንግግር ተርጉማ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ይፈጅባታል። ምን ታወራ እንደነበር ሁሉንም አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ እያልኩ ነው አሁን የምቆጨው።

የሐይቁን ነገር አማቴ አልፈሩትም። ያልፈሩት ስለማያውቁት አይደለም። እናታቸው ቤት ጨሌ ይቀመጥ ነበር፤ ወንዝ ዳር ያለ ድንጋይም በየዓመቱ ቅቤ ይቀባ ነበር። አማቴ በወጣትነታቸው ጌታን ሲቀበሉ ያንን ጨሌ በጉባኤ ፊት አቃጥለው በዚሁ ምክንያት ከቤት ተባርረዋል። የእናቶቹን መልእክት ሳሰማቸው «እናቴ ውሃ ዳር የምትሄደው ፈርታ ነበር። ይቺ ልጅ የሚያጫውታት አጥታ ነው የሄደችው» አሉ።

አንድ እሁድ መጋቢው ምስክርነት እንዲሰጡ ጠየቋቸው። ደስ አላቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና ስለ ጨሌው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ እሳቱ ተናገሩ። ስለ ፊልም አንድም ቃል አልወጣቸውም። ማይኩን ሲመልሱ ግን ያቺ የድምፅ መልእክቱን የላከችው እህት ተቀበለችና «ሰማችሁ አይደል? ልጆቻችን ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያዩት ይህንኑ ነው» ብላ ፊልሙን በስሙ ጠራችው። አማቴ የመድረኩ ደረጃ ላይ ቆም ብለው ዞር አሉ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ መዘምራኑ ጀመሩ።

ያን ቀን የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ ስላመማት ልጆቹ ከእኛ ጋር ነበሩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። አማርኛ ትስማልኝ ብዬ ስንት ዓመት ጸልያለሁ።

ባቡር ውስጥ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ቤት ደርሰን ቆሻሻ ልጥል ስል ሰማያዊዋን የልዕልት ቀሚሷን ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር አገኘኋት። «ፋርሞርም አቃጥላዋለች» አለችኝ በስዊድንኛ፤ አያቷን ማለቷ ነው። የነገርኳቸው ጊዜ አማቴ ቀሚሷን አውጥተው በእጃቸው አጠቡ፣ ተኮሱ፣ በሯ ላይ ሰቀሉላት። «ያንቺን ፊልም አይደለም ያልኩት፣ የኔ ዓለም። የኔን የድሮውን ነው» ብለው ለመኗት። ልጄ «ኦኬ» አለች። ከዚያ ወዲህ ለአያቷ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው።

ያቺን እህት ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም። ስወልድ ገንፎ ይዛ በበረዶ የመጣችው እሷ ነች። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ቀሚሷ አሁንም በሩ ላይ ተሰቅላለች፤ ልጄ አድጋ ጠባታለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ አማቴ «እስቲ ያንን ፊልም ክፈቺልኝ» አሉኝ። ከፈትኩላቸውና ልብሴን እያጣጠፍኩ መተርጎም ጀመርኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። በደንብ ነው የተረጎምኩት፤ እሳቸው ግን ደጋግመው የልጄን በር ያያሉ። ልዕልቲቱ ሐይቁን ተሰናብታ ስትነሳ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አያትየዋ መቼ ነው የምትመጣው?»

«የትኛዋ አያት እማማ?»

«ሐይቁ ውስጥ ያለችዋ ነቻ፤ ልጅሽ የነገረችኝ። የምትመልስላት። ልጅቷ ስታለቅስ ወጥታ ጋቢ የምታለብሳት።»

ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ጠየቅኳት። ብርጭቆዋን እንደያዘች ቆመች። ቴሌቪዥኑን አየችው፤ አያቷን ግን አላየችም።

«እዚህ ፊልም ውስጥ ምንም አያት የለችም» አለችኝ በስዊድንኛ፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ምን አለች?» አሉ አማቴ።

«አያትየዋ ያለችበትን አልፈነዋል ነው የምትለው» አልኳቸው።

«ነው?» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ተመቻችተው ተቀመጡ። «እንግዲያውስ ወደ ኋላ መልሺልኝ።»