በረዶ የማይሆን ውሃ

ዴንቨር ውስጥ በጥር ወር ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ዕድሜው አጭር ነው። ከመኪና አውርደኸው ጓንትህን አጥልቀህ ቀና ስትል ዳር ዳሩን ቆዳ አውጥቶ ይጠብቅሃል። መስኮት ላይ ካደረግከው ደግሞ ይብሳል፤ ጨርቁን ሳታነሳ ነጭ ይሆናል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ሰው የሚነግርህ መስኮት ማጽዳት ቀላል ሥራ መሆኑን ብቻ ነው።

ሁሉንም ሞክሬ ነው ያወቅኩት። ሙቅ ውሃ ሞከርኩ፤ አምስት ደቂቃ ያሞኝህና እንደ ሌላው ይረጋል፣ ብርድ የያዘው መስታወት ላይ ካፈሰስከው ደግሞ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ጨው ሞከርኩ፤ መስኮቱ ላብ የደረቀበት ሸሚዝ መሰለ። ለመኪና መስታወት የሚሸጠውን ሰማያዊ ውሃ ሞከርኩ፤ እሱ አይረጋም፣ ግን ደመና ትቶ ይሄዳል። በመጨረሻ የቁስል አልኮል ላይ ደረስኩ፤ መርፌ ከመውጋታቸው በፊት ክንድህን የሚጠርጉበት፣ ፋርማሲ የሚሸጠው። እሱን ከውሃ ጋር ቀላቅለህ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህ፣ ፀሐይ ካገኘችው ወገን ጀምረህ ቶሎ ቶሎ ከሠራህ ብርዱ የሚያመጣው ነገር የለም።

የምቀላቅለው ሞንትቤሎ ሰፈር፣ ቤቴ ነው። የመጠጥ ውሃ በነበረበት ጋሎን እሞላና በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነበር።

«ጻፍበት።»

«ዕቃዬን አውቀዋለሁ» እላታለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፈች። ማንበቡን ወደድኩት። መጻፍ ግን ሌላ ነው። ስታነብ በሆድህ ነው፣ ስትሳሳት የሚያይህ የለም። ስትጽፍ ግን ሰው ፊት ቆመሃል። የእኔ ፊደል እንደ ሰካራም ይጋደማል። ስለዚህ ከደብተሬ ውጭ ሌላ ሰው ሊያየው በሚችል ነገር ላይ አልጽፍም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ዕቃን በቦታው፣ በክብደቱ፣ በሽታው ስለይ ኖሬያለሁ፤ ጽሑፍ ምን ያደርግልኛል? አልኩ። ትዕቢት ነበር። ሌላ ስም የለውም።

መስኮት ከመያዜ በፊት ዳውንታውን፣ የፓርኪንግ ሕንፃ ሥር፣ ፀሐይ የማታውቀው ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ መኪና አሳልፍ ነበር። ሰው ቲኬቱን ይሰጥሃል፣ ፊትህን አያይም። መስኮት ስጀምር ከዚያ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ግን ሙቀቱ አልፎ ዊንተር ሲገባ ደንበኛው ሁሉ «በሚያዝያ ና» ይለኛል። እኔም በየዓመቱ አንገቴን ደፍቼ ወደ ሳጥኑ እመለሳለሁ።

በዚያ ዓመት ግን ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ሱቅ የተደረደረበት ሕንፃ አገኘሁ። የሕንፃው ባለቤት የእኛው ሰው ናቸው። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ማዕዘኑ ላይ ባለው ሱቅ ራሳቸው በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ።

«ስማ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። «ካንተ በፊት የነበረው ውርጭ ሲያይ ይጠፋና ለፋሲካ ብቅ ይላል። እኔ ብርዱ የባሰበትን ቀን መርጬ እጠራሃለሁ። ካጸዳህ ዊንተሩ ያንተ ነው። ካቃተህ ካምፓኒ እቀጥራለሁ።»

«ይጥሩኝ» አልኳቸው። ሳጥኑ ትዝ ብሎኝ ነው እንጂ እንዲህ ደፋር አይደለሁም።

ጠሩኝ። ስልኬ ስምንት ዲግሪ ይላል፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ውሃ የሚረጋው ሠላሳ ሁለት ላይ ነው። ጋሎኔን ከበሩ ሥር አንስቼ፣ በቻምበርስ መንገድ ነድቼ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቃቸው ፊት ፓርክ አደረግኩ። እማማ ሁለት ካፖርት ደርበው ከመስታወቱ ኋላ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፈተናው ከእሳቸው መስኮት ይጀምራል ማለት ነው። ባልዲዬ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ሳሙናዬን ጨመርኩ፣ ሁለቱንም የማዕዘን መስኮቶች ከላይ እስከ ታች አራስኩ። ከዚያ ውሃ መጥረጊያውን ላስቲክ አነሳሁ።

ላስቲኩ አልሄደም። መስታወቱ ላይ ተጣበቀ። ከታች ጀምሮ የላባ ዓይነት ነጭ ነገር እየተሰነጣጠቀ ወጣና በመጀመሪያ የእማማን ጉልበት፣ ቀጥሎ ደረታቸውን፣ በመጨረሻ ፊታቸውን ዋጠው። ከውስጥ መስታወቱን በቀለበታቸው አንኳኩ።

«መጋረጃ ስቀልልኝ አልኩህ እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ባልዲውን አሸተትኩ። ምንም። የሳሙና ሎሚ ብቻ። ያኔ ገባኝ።

ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል የምታመጣው በዚያው ዓይነት ጋሎን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ አንድ ስኒ ትጠጣለች። በዋዜማው ማታ ወለል ስታጥብ ሁለቱንም ጋሎኖች ጠረጴዛ ላይ አውጥታቸው ነበር። ስትጨርስ ወደየቦታቸው የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ዕቃዬን አውቀዋለሁ ባዩ።

ሳጥኑም ሕንፃውም ከጭንቅላቴ ጠፉ። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ደወልኩ።

«ጠጣሽ እንዴ?»

«እንደምን አደርክ አይባልም? ምኑን?»

«ጠበሉን!»

«ገና ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫዬን መታኝ። ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታል። አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሚስት አይተህ ነው?»

በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ መሳቋን ትታ «ቆይ» አለች። «የእኔ ጠበል ታዲያ የት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«ሁለት መስኮት ላይ።»

ሳቋ ፈነዳ፣ እስኪያስላት ድረስ። ሥራ የምትገባው ከሰዓት ነው፤ «አልኮልህን ይዤልህ መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

እማማ በሩን ከፍተው ወጥተዋል። «ምን ጨምረህበት ነው እንዲህ የሆነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን አንዴ ቁጭ ብያለሁ፤ ከመሬት ላይ ሆኖ መዋሸት አይመችም። «ጠበል ነው፣ እማማ። የባለቤቴን ጋሎን ተሳስቼ ነው ያመጣሁት። አሁን እፍቀዋለሁ» ብዬ ተነስቼ የብረት መፋቂያዬን አወጣሁ።

«እጅህን ሰብስብ!» አሉ፣ እያማተቡ። «ጠበል በብረት ይፋቃል?»

«ሥራው ሊበላሽ ነው እኮ።»

«ይበላሽ! ባልዲውንም መንገድ ላይ እንዳትደፋ። እግር የማይረግጠው ቦታ ፈልግለት።»

«ሳሙና አለበት።»

«ሳሙናው ምን አደረገህ? ሂድ!»

የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እግር የማይረግጠው ቦታ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ባልዲ ተሸክሜ ሕንፃውን ዞርኩት። የቆሻሻው ማጠራቀሚያ ጋ አይሆንም፣ ሣሩ ላይ ውሻ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ከኋላ በኩል፣ በአጥር ጥግ ያለች አንዲት ጽድ አገኘሁና ሥሯ ላይ አፈሰስኩላት። ስመለስ ባለቤቴ ደርሳለች። ጋሎኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ከእማማ ጋር ትስቃለች። በማን እንደሚስቁ አልጠየቅኩም።

የቀሩትን አሥር ሱቆች አብረን ሠራናቸው። እኔ አርሳለሁ፣ በላስቲኩ እስባለሁ፣ እሷ ጠርዝ ጠርዙን በደረቅ ፎጣ ትይዛለች። ውሃው ወረደ። ወረደ! ያን ያህል ብርድ ውስጥ ውሃ እንደ ውሃ ሲወርድ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ለማስረዳት ቃል የለኝም፤ ባለቤቴ እየዘፈነች ነበር፣ እኔም ሳላውቀው ተቀብያታለሁ። እማማ ከኋላችን በየበሩ እየቆሙ መስታወቱን በጣታቸው ይነካሉ፤ ነጭ ነገር ይፈልጋሉ። አላገኙም። ፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ የሁሉም መስኮት ሰማይ ይዞ ቆመ።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዞራ ማዕዘኑን አገኘችው። ላባው ከላይ ጀምሮ ለቀቀ፣ በመስታወቱ ቁልቁል ተንጠባጠበ። እማማ ወንበራቸውን ውጭ አውጥተው ጠብታውን በመዳፋቸው እየተቀበሉ የሚያማቸውን ጉልበት አሹበት። መስኮቱ እንዳለ ሲገለጥ ከአሥሩ ሁሉ የጠራው እሱ ነበር። ይህን እንደ ተአምር አልጻፍኩትም፤ ሳሙናው ረጅም ሰዓት ስለቆየበት ነው። እማማ ግን አልጠየቁኝም።

«ዊንተሩ ያንተ ነው» አሉኝ። እፎይ ልል ስል የበርበሬ ዋጋ የሚጽፉበትን ጥቁር ማርከር ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። «ግን ሚስትህን ሳትገድላት። ጻፍበት።»

«ቤት ስገባ...»

«አሁን።»

ባለቤቴ ዞር ብላ የቆሙትን መኪናዎች የምትቆጥር መሰለች። ጋሎኑን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ጻፍኩ። ፊደሉ ተጋደመ፤ በብርዱ አላሳብብም። እማማ ተቀብለው ክንዳቸው እስከቻለ አራቁትና ጮክ ብለው አነበቡ፤ «የመስኮት ውሃ ነው። አይጠጣም።» ከዚያ መለሱልኝ። «ያለ መነጽር ነው ያነበብኩት» አሉ።

ወደ ሳጥኑ አልተመለስኩም። ጋሎኑ ዛሬም በሩ ሥር ነው፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ራሴ አደምቀዋለሁ። እማማ ግን አንድ ልማድ አወጡብኝ። የመጀመሪያው ውርጭ በወረደ ቀን የማዕዘኑ መስኮት በጠበል ካልታጠበ ይላሉ።

«ይረጋል፣ እማማ» እላቸዋለሁ በየዓመቱ። «መጋረጃ ይሆንብዎታል።»

«ይርጋ» ይላሉ።

እኔም ሳሙና የሌለበት፣ ለብቻው የተቀመጠ ባልዲ አወጣለሁ። አርሰዋለሁ። እሳቸው ወንበራቸውን አስተካክለው ፀሐይዋን ይጠብቃሉ።