የሙሚና የእጅ ካሳ

ሙሚና እጇ ከአፏ የሚቀድም ሴት ናት። ዓዲ ሓቂ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከወሎ ተነስታ መቐለ በገባች ሰሞን አንድ ደላላ ቦታዋን ሊቀማ ጆንያዋን በእግሩ ቢገፋባት፣ የሚዛኑን ብረት አንስታ የፊት ጥርሱን አራገፈችለት። ሰውየው ዛሬም ሲስቅ አፉን በእጁ ይከልላል፤ ደግነቱ ብዙም አይስቅ። ባሏ ኑርሁሴን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲገነባ ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበር። ክንዱ ግንድ ያህላል፣ ዝንብ ግን አይገድልም። በዚያ ቤት የሚፈራው ማን እንደሆነ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው አላህ ደረታቸው የተጣበቀ መንትያ ሴቶች ልጆች የሰጣት። ሩፋይዳና ፊርዶስ ከደረታቸው እስከ እምብርታቸው አንድ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተፋጠው ተወለዱ። ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ጎረቤት «መቼም ያለ እርግማን እንዲህ አይወለድም» ብላ ስታንሾካሹክ፣ አራሷ ከተኛችበት ተነስታ በአጥሚት ጣሳ ግንባሯን ፈነከተቻት። ደሙ አጥሚቱ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ወዲያ እርግማን የሚል ቃል በዚያ ቤት አልተሰማም፤ ቢያንስ ጣሳው በሚደርስበት ርቀት።

ልጆቹ ዓመት ሲሞላቸው አዲስ አበባ ተወስደው በቀዶ ጥገና ተለያዩ። ሁለቱም በሕይወት ሲመለሱ ኑርሁሴን በግ አርዶ ጎረቤቱን አበላ፤ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎት ነበር። ምን ያልቃል! ሐኪሞቹ ገላቸውን ለያዩት እንጂ ልጆቹ መለያየታቸውን አላወቁም። ዓመት ሙሉ አንዷ ለሌላዋ ግድግዳ ሆና ኖራለች። ክንዳቸው የለመደው እህትን ማቀፍ ነው፤ አንገታቸውም የሚዞረው ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው። ሲያስቀምጧቸው እህታቸው ወደነበረችበት ወደፊት ድፍት ይላሉ። ሩፋይዳ ጠንከር ያለች ስለሆነች ትፍጨረጨራለች። ትንሿ ፊርዶስ ግን አንገቷ ወደ ግራ ተጣሞ፣ ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ በወደቀችበት ትቀራለች። የመጣ ጠያቂ ሁሉ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። በመጨረሻ ሙሚና «እንቁላሉን ለልጆችሽ ቀቅይላቸው፣ የኔን ልጅ ተዪልኝ!» ብላ አንዷን ጠያቂ እየገፋች ከግቢ አስወጣቻት።

ከተማው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ለተመድህን የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። በትግሉ ዘመን በረሃ ለበረሃ የቁስለኛ እግር ስታቃና ወጣትነቷን ጨርሳ፣ ኋላ ተምራ የተመረቀች፣ ሽበታም፣ ማባበል የማታውቅ ሴት። በመጀመሪያው ቀን ፊርዶስን በሆዷ አስተኝታ አንገቷን ወደ ጠላችው ጎን ስታዞር፣ ሕፃኗ የታረደች ያህል ጮኸች።

«ልጄን ገደልሻት!» አለች ሙሚና፣ ዘልላ ተነስታ።

«ኣልገደልኳትም። እግሯን እየፈለግሁላት ነው» አለች ለተመድህን፣ እጇን ሳታነሳ። «ስሚኝ ሓፍተይ፣ ስሚኝ እህቴ፣ ኣጥንቷ ሳይጠና ካልተቃናች ይቺ ልጅ ኣትሄድም። መቼም ኣትሄድም። ገባሽ?»

ሙሚና ገብቷታል። ስለገባት ነው ጥርሷን ነክሳ በየጊዜው የምትመላለሰው። እዚያ ምንጣፍ ላይ ልጆቿ ይጎተታሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ይገለበጣሉ፤ እሷ ደግሞ ጥግ ቆማ ጉንጯን ከውስጥ እየነከሰች ደሟን ትውጣለች። ቤት ሲገቡ ግን የእናት ሆዷ ያሸንፋታል። ልጆቹ ለየብቻ ሲተኙ እሪታቸውን አያቆሙም። አንድ ቀን በጨነቃት ጊዜ፣ እናቷ ከወሎ የላከችላትን ማዘያ አነሳችና ሁለቱን ደረት ለደረት አስተኝታ ግጥም አድርጋ አሰረቻቸው። ወዲያው ዝም አሉ። አንዷ የሌላዋን አንገት ታቅፋ፣ እንደ ድሮው እስትንፋስ እየተቀባበሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይህን ያየች እናት ምን ታድርግ? በማግስቱም አሰረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ልማድ ሆነ። ለተመድህን ጠዋት ያቃናችውን ማዘያው ሲመሽ መልሶ ያጎብጠዋል። ሙሚና ይህን አላሰበችውም፤ ያሰበችው ዝም ማለታቸውን ብቻ ነው።

ወራት አለፉ። ሩፋይዳ እንደምንም መዳህ ጀመረች። ፊርዶስ እንደተጣጠፈች ቀረች። ለተመድህን ግራ ገብቷት አንድ ጠዋት ሁለቱንም ልብሳቸውን አውልቃ ስታገላብጣቸው፣ ጀርባቸው ላይ የጨርቅ ጠርዝ የቆረጠው ቀይ ሰንበር አየች። ቀና ብላ የሙሚናን ወገብ ተመለከተች። ማዘያው እዚያ ሸብ ተደርጓል።

«ታስሪያቸዋለሽ?»

«ሲያለቅሱ ነው… ወላሂ፣ ሲያለቅሱ ብቻ።»

«ሰው ቆርጦ የለያየውን ኣንቺ መልሰሽ ትሰፊያለሽ?» ለተመድህን ፊቷ ተለዋወጠ። ማዘያውን ከወገቧ ላይ መንጭቃ መቀሱን አነሳችና መሃል ለመሃል ሸረከተችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሙሚና ራሷ በደንብ አታስታውሰውም። የእናቷ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማች፤ ቀጥሎ እጇ የለተመድህን ፀጉር ውስጥ ነበር። አሮጊቷ ታጋይም በቀላሉ የምትወድቅ አልነበረችም፤ በክርኗ የሙሚናን አፍንጫ መታችው። ተያይዘው ልጆች ቆመው የሚለማመዱበት የብረት ድጋፍ ላይ ወደቁ። ለተመድህን ከስር ሆነች፣ እጇ ብረቱ መሃል ገባ፣ ሙሚናም በሙሉ ክብደቷ ላዩ ላይ። ቋ ሲል ክፍሉ በሙሉ ሰማ። ሕፃናቱ ምንጣፉ ላይ ይጮሃሉ። የክሊኒኩ ዘበኛ ሮጦ ገብቶ ሙሚናን በቆመጥ ትከሻዋን ደጋግሞ መታት፣ እሷም ክንዱን ነክሳ ያዘች። ደም በደም ሆና እየተጎተተች ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ኑርሁሴን ሲሚንቶ እንደለበሰ መጣ። «ሙሚ፣ አሁን የልጃችንን አንገት ማን ያቃናልን?» አለና ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቆመጡ ያላስለቀሳት ሙሚና እዚህ ላይ ተሸነፈች። ያቺን የተሰበረች እጅ አሰበች። በዚህ አገር የፊርዶስን እግር የሚፈልግ ሌላ እጅ አልነበራትም።

ነገሩ ከጣቢያ ወጥቶ በሽማግሌ ተያዘ። በለተመድህን በኩል ጎረቤቷ አቶ ገብረተንሳኤ፣ በሙሚና በኩል ሼህ አብዱልጀሊል ተቀመጡ። በእኛ ዘንድ አጥንት የሰበረ ይክሳል፤ ይህ የታወቀ ነው። ኑርሁሴን ቤቱን ሸጦም ቢሆን ሊከፍል አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ለተመድህን ጄሶዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስኪጨርሱ ሰማቻቸውና፦

«ገንዘብ ኣልፈልግም» አለች። «እጄን ሰብራለች፣ እጇን ትስጠኝ። ጄሶዬ እስኪወጣ በየቀኑ ትምጣ፤ የኔን ሥራ በሷ እጅ እሠራለሁ። በራሷ ልጆች ላይ። ያንን ጨርቅ ደግሞ በገዛ እጇ ታቃጥለው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ካሳ ሰምተው አያውቁም። ሙሚና ግን ከማንም ቀድማ ገብቷት ፊቷ አመድ መሰለ።

ማዘያውን ያን ዕለት እያለቀሰች አቃጠለችው። ልጆቹን ለየብቻ አስተኛቻቸው፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፣ እሷም አብራ ጮኸች። ጠዋት ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የፊርዶስን አንገት ያዘች። ከደላላ ጥርስ እስከ ሐኪም አጥንት ያልማረው ያ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ኣጥብቂ!» አለች ለተመድህን ከጀርባዋ። «እኔን ስትሰብሪ መች ተንቀጠቀጥሽ?»

አጠበቀች። ፊርዶስ ጮኸች፣ ፊቷን ቧጠጠቻት፣ አውራ ጣቷን ደም እስኪወጣ ነከሰቻት። የሚያሳምማት እናቷ መሆኗን ካወቀች በኋላ ሙሚና ስትቀርባት ገና ማልቀስ ጀመረች። ለሙሚና ከቆመጡም ከጣቢያውም የከፋው ይህ ነበር። የተጣጠፉትን ክንዶች ለየብቻ ትዘረጋለች፤ ያስቀመጠቻት ልጅ በግንባሯ ትደፋለች፤ ከንፈሯ ይሰነጠቃል። ሊያነሳት የሚዘረጋውን የሙሚናን እጅ ለተመድህን በጄሶዋ ትመታዋለች። «ኣትንኪያት! መሬቱን ትግፋ፣ ራሷ ትነሳ!» ኑርሁሴን አንድ ጊዜ ሊያይ መጥቶ፣ ጆሮውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ ሁለተኛ አልመጣም።

ጄሶው ወጣ። ካሳው ተፈጸመ ተባለ። ሙሚና ግን በማግስቱም መጥታ ነጠላዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ለተመድህን አንዴ አየቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ያቺ እጅ ድሮ የነበራት ጉልበት አልተመለሰላትም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ አያወሩትም።

ክረምቱ ወጥቶ ፊርዶስ አግዳሚ ወንበር ይዛ መቆም ቻለች፤ ከወንበሩ ግን ንቅንቅ አትልም። እንዲህ ቆማ ብስኩት ስትበላ ነው አንድ ቀን ሩፋይዳ እየዳኸች መጥታ ብስኩቱን የነጠቀቻት። ፊርዶስ እህቷን አየቻት። አንገቷን ወደዚያ ወደሚያማት ጎን አዙራ አየቻት። ወንበሩን ለቀቀች፣ እየተንገዳገደች ተራመደች፣ ክንዷን ከደረቷ አላቅቃ ሙሉውን ዘረጋችና ሩፋይዳን በጥፊ አጮለቻት።

«ወይ ጉድ! ትክክለኛ ጓል ሙሚና! የእናቷ ልጅ!» አለች ለተመድህን።

የሙሚና እጅ ከአፏ ቀድሞ አየር ላይ ነበር። ፊርዶስ ያን እጅ ታውቀዋለች፤ ዱላውን እየጠበቀች ዓይኗን ጨፈነች። አልወደቀችም። ምንም ሳትይዝ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ ቆማ ጠበቀች።

ሙሚና እጇን አወረደች። አፏን ከፍታ እልል አለች።