ለሬሳ የተነፋ ጥሩምባ

ከሞላሌ ገበያ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካሉት መንደሮች በአንዷ፣ ተገኘ የሚባል የቅሬ ጥሩምባ ነፊ አለ። ቅሬ ማለት ሬሳ የሚቀብረው፣ በሽተኛ የሚሸከመው የመንደሩ ማኅበር ነው። ተገኘ ክፉ ሰው አይደለም። ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ጾሙን ይጾማል፣ በሬ ለጎደለበት ጎረቤት በሬውን ያውሳል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ የሚያስፈራው። ክፉማ ሲመጣ ይታወቃል፤ ውሻ ይጮኽበታል።

ጥሩምባውን ከአባቱ ነው የወረሰው። ሕጉ አጭር ነው፤ ረዘም አድርጎ ሲነፋ ሰው ሞቷል፤ ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርገው በሽተኛ አለ፣ ለቃሬዛ ውጣ ማለት ነው። ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፣ ያልሰማ አይጠየቅም። ስለዚህ ጥሩምባው ጩኸት ብቻ አይደለም። የሰውን ሁሉ ሰበብ ከእጁ የሚነጥቅ ነገር ነው። ከተነፋ በኋላ እግሬን አሞኝ ነበር፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነበር የሚባል ጨዋታ የለም።

ኮሮና መጣ ተባለ። መኪና ቆመ። ሬዲዮው እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ ይላል፤ ሳሙናው ሞላሌ ነው፣ ውኃው ገደል ሥር። ተራራቁ ይላል፤ ባንድ ጣሪያ ከጥጃና ከበግ ጋር የሚያድር ሰው ከማን ይራቅ? ጨው ተወደደ። ከደብረ ብርሃን መድኃኒት ያስመጣ የነበረ ሁሉ የሚልከው አጣ። ያለ መድኃኒት የቀረው ሰው እንዴት እያደረ ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እኛ ጋ ገባ ወይ?»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰው ሰበሰበና ሰው እንዳይሰበሰብ ተናገረ። «ከአራት ሰው በላይ ክልክል ነው! ቀብር በቤተሰብ ብቻ! ለለቅሶ ጥሩምባ እንዳትነፉ!» አለ። ተገኘ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማል። «ለበሽተኛስ?» የምትል ጥያቄ ጉሮሮው ድረስ መጣች። ዋጣት። ለምን እንደዋጣት ያን ዕለት ራሱም አላወቀም። በኋላ ነው የገባው፤ ጠይቆ «ንፋ» ቢባል መንፋት ሊኖርበት ነዋ!

አሁን ወደ ተሾመች እንምጣ። ተሾመች ባሏ የሞተባት፣ ከተገኘ ቤት ከፍ ብላ የምትኖር ሴት ናት። አስም አለባት። ይህን ከተገኘ በላይ የሚያውቅ የለም። በአጨዳ ወራት የገብሱ አቧራ ደረቷን ሲዘጋው ነፍቶላታል፤ ነፍቶም አልተቀመጠም፣ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በትከሻው ይዞ ሞላሌ ጤና ጣቢያ አድርሷታል። ያውም ደጋግሞ። እሷ ደግሞ ትንፋሽ መለስ ሲልላት፣ «ቀስ በል እንጂ አንተ ተገኘ! ድንች የጫንክ መሰለህ?» ብላ ትቀልድበት ነበር። መርፌ ይወጓታል፣ በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ይሰጧታል፣ በእግሯ ትመለሳለች።

በዚያ ሰሞን ግን መድኃኒቷ አልቋል። በዚያ ላይ ልጇ ኮከብ በመጨረሻው መኪና ከአዲስ አበባ መጥታለች። ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ አሠሪዎቿ «በሽታ ታመጪብናለሽ» ብለው አሰናበቷት። መንደሩ ደግሞ «በሽታ አመጣሽብን» ብሎ ተቀበላት።

ሁዳዴ ሊገባደድ ሲል፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ኮከብ የተገኘን አጥር ይዛ ተጣራች።

«ጋሼ ተገኘ! ኧረ ጋሼ ተገኘ! እናቴ ትንፋሽ አጠራት፤ ይንፉልኝ!»

ተገኘ በርኖሱን እንደደረበ በሩ ላይ ቆመ። «እዚያው ቁሚ! አጥሩን ልቀቂ!»

«ከንፈሯ ጠቆረ ጋሼ፤ ቶሎ ካልወሰድናት…»

«ጥሩምባ ተከልክሏል። የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ለበሽተኛም?»

«ለማንም።»

እዚህች ላይ ነው ነገሩ። «ለማንም» የምትለዋን ቃል ሊቀ መንበሩ አላላትም። ተገኘ ነው ደጃፉ ላይ ቆሞ የፈጠራት።

ሚስቱ አመተሥላሴ ከውስጥ ሰምታለች። «አንተ ሰውዬ! ይቺ የተሾመች አስም አይደለችም እንዴ? ንፋላት እንጂ!»

«ዝም በይ አንቺ! ልጅቱ ከየት እንደመጣች አታይም?»

ፈራ። ሌላ ምክንያት አይፈለግለት። ልጆች አሉኝ አለ በሆዱ፤ ልጅ የሌለው ማን ነው?

ኮከብ ቤት ለቤት ሮጠች። «ጥሩምባ አልሰማንም እኮ» አላት አንዱ። «ተገኘ ምን አለሽ?» አላት ሌላው። «ተከልክሏል አለኝ።» «እንግዲያው ተከልክሏላ!» ብሎ በሩን ዘጋ፤ እንዴት ያለ ደስ የሚል ትእዛዝ! ጎረቤቷ በኃይሉና ታናሽ ወንድሙ ብቻ ወጡ። ከኋላ የሚይዝ ሲጠፋ ኮከብ ራሷ ትከሻዋን አስገባች። ተገኘ ከደጁ ሆኖ አያቸው። ቃሬዛው ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ተቀያሪ የሌለው ቃሬዛ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ተሾመች የሞላሌ ቆርቆሮ መታየት ሲጀምር ሞተች።

ሬሳው ሲመለስ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ኃይለመስቀል ዱላቸውን ይዘው ተገኘ ዘንድ መጡ። «ተሾመችን በአራት ሰው ልንቀብራት ነው? እንደ ውሻ? ንፋ!»

«ተከልክሏል እኮ ጋሽ ኃይለመስቀል።»

«ንፋ ብዬሃለሁ! ቅጣት ቢመጣ በእኔ!»

ነፋው። ረዘም አድርጎ፣ ገደሉ እስኪመልሰው ድረስ ነፋው። የተከለከለው ለሬሳ መንፋት ነበር፣ ለሬሳ ነፋ። ለምትተነፍሰው መንፋት አልተከለከለም ነበር፣ እሷን ከለከላት። ማለዳ ጆሮው አልሰማ ያለው መንደር ሁሉ አሁን ሰማ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሞልቶ ፈሰሰ። ስለ አራት ሰው ያነሳ የለም።

ከቀብር በኋላ ተገኘን የወቀሰ አልነበረም። «ኮሮና ነው የገደላት፤ ልጅቷ ናት ያመጣችባት» ተባለ። የመረመራት የለም፣ ኮከብም ስታስል የሰማ የለም። ግን ይህ ወሬ ለሁሉም ተስማማ። ሞቷን ለበሽታው ከሰጡት፣ ከቃሬዛው የቀረው ሁሉ ነጻ ይወጣል፤ የምትታሠረው ኮከብ ብቻ ናት።

ኮከብም አመነች፤ የሚያንገበግበው ይህ ነው። ዕድሜዋን ሰው ቤት ስለኖረች የእናቷ አስም ሲነሣ አይታ አታውቅም። እጇ እስኪሰነጣጠቅ ትታጠባለች። ሴቶች ሳይመጡ ውኃ ወርዳ ትቀዳለች። ለንስሐ አባቷ «እናቴን ገድያለሁ፤ ቀኖና ይስጡኝ» እያለች ደጃቸው ላይ ስታለቅስ መንደሩ ሰማት። አመተሥላሴም ሰምታ ገባች።

«ትነግራታለህ ወይስ አትነግራትም?»

«ምን ብዬ?»

«አስም ነበር በላታ! አውቅ ነበር፣ የከለከለኝም የለም በላታ! አፍህ ለጥሩምባ ብቻ ነው እንዴ የተሰጠህ?»

ተገኘ አንድ ቀን ደፍሮ እስከ ኮከብ ደጅ ሄዷል። ኮከብ ወጥታ ራቅ ብላ ቆመች። «ምነው ጋሼ?»

«በግ ጠፍቶኝ… ጥቁር በግ።»

«አላየሁም። ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ እኔ ጋ አይጠጉ።»

ተገኘ ጥቁር በግ የለውም።

የተሾመች አርባ በግንቦት ዋለ። ደጇ ላይ ሰው ተሰበሰበ፣ ዳቦና ጠላ ቀረበ። የሚያስተናግዱት ጎረቤት ሴቶች ናቸው። የሟች ልጅ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ በጎቹ ጋ፣ አጥር ሥር ቆማለች፤ ከእጇ የሚቀበላት የለማ! ዳቦውን የጋገረችው ግን እሷ ናት። እሳት ካየው በኋላ ምንም አይደለም ተባብለው ነው የሚበሉት።

ተገኘ ሊያጽናናት ጠጋ አለ። እሷ ወደ ኋላ ሸሸች። «ይራቁ ጋሼ። እናቴን የጨረስኩት ይበቃል።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ዳቦ ገና አልደረሰውም። ጋሽ ኃይለመስቀል ጸሎቱ አልቆ ጨዋታ ሲጀመር ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መቼም ክፉ ጊዜ ነው። እንደ ተገኘ ትእዛዝ ያከበረ ግን አላየሁም። እናቱ ብትሆን እንኳ አይነፋም ነበር!» አሉ ለምስጋና።

ተገኘ ተነሣ። መነሣቱን ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው።

«ማንም አልከለከለኝም» አለ።

«ምን?»

«ሊቀ መንበሩ ለለቅሶ አትንፉ አለ። ስለ በሽተኛ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ፈርቼ ነው። ተሾመችን አስም እንጂ ሌላ አላመማትም። በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያታለሁ፣ አስላ አስላ ትንፋሿ ሲዘጋ ድምፁን አውቀዋለሁ። ያን ጠዋት ከደጄ ሆኜ እሰማው ነበር።»

«ተቀመጥ አንተ! በአርባዋ ነገር አታንሣ!» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

ያኔ መንደሩ ሁሉ አፍ አወጣ። «እግዚኦ! ብንሰማማ እንቀር ነበር?» «ጥሩምባው እኮ ነው ያስቀረን!» «አንተ ነህ እንግዲህ ለሰው ነፍስ…»

«እናንተ ጋ በእግሬ መጥቼ አልነበር?» አለች ኮከብ ከአጥሩ ሥር።

 ዳቦ ታድል የነበረች አንዲት ሴት ቅርጫቱን እንደያዘች መሐል ላይ ቀረች።

ኮከብ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አውርዳ ተገኘ ፊት መጣች። «አስም መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለንስሐ አባቴ ሳለቅስም?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችም። ሄዳ ቅርጫቱን ከሴትየዋ እጅ ወሰደችና በራሷ እጅ ማደል ጀመረች። መጀመሪያ ጋሽ ኃይለመስቀል ጋ ቆመች። እሳቸው አመነቱ፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ተቀበሉ። ከዚያ በየተራ ሁሉም ተቀበለ፣ ቀና ብሎ ያያት ግን በኃይሉ ብቻ ነው። ተገኘ ጋ ስትደርስ እጁን ዘረጋ። አልፋው ለአመተሥላሴ ሰጠችና ወደሚቀጥለው ሄደች።

እጁ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። አመተሥላሴ ከድርሻዋ ቆርሳ ልትሰጠው ስትል እጁን ሰበሰበ።

«ተይው» አላት ቀስ ብሎ። «የእኔ ደርሶኛል።»